ምክር ቤቱ ገዢ ያመጣልናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከዓለም ገና ነው። ጠያቂዋ በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ «በዓለም ገናና በሰበታ በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን የምናዘጋጅ 11 የባልትና ቤቶች ነን። አንድ የነጋዴዎች ስብስብ ወደ ዱባይ ለሚደረግ የአምስት ቀን የንግድ ጉዞ ጋብዞናል። ለአንድ ሰው 280 ሺህ ብር ክፈሉ፣ እኛ ከገዢ ጋር እናገናኛችኋለን ብሏል። ሁለት ሰው ለመላክ ማዋጣት ጀምረናል። የንግድ ምክር ቤት አባል ብንሆን ይሻለናል ወይስ የራሳችንን ማኅበር እናቋቁም? አንድ የውጭ ዜጋም 40 ሺህ ዶላር አምጥቼ ሸሪክ ልሁናችሁ ብሎናል። ይህንን ምክር ቤቱ ያስፈጽምልናል?»

መዋጮውን አቁሙ። ዱባይ ለባልትና ውጤት መጥፎ ገበያ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት፣ ከአዲስ አበባ በየዕለቱ ጭነት የሚሄድበት ከተማ ነው። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ዛሬ ሄዳችሁ ገዢ ብታገኙ እንኳ ልትፈርሙለት የምትችሉት ውል የለም። ይህን የምለው በርበሬያችሁን አቃልዬ አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች በዝርዝር እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ መታረም ያለበት ግን ምክር ቤት ምን እንደሆነ ነው። ንግድ ምክር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። የወጪ ንግድ ፈቃድ አይሰጥም፣ የውጭ ምንዛሪ አይመድብም፣ መሬት አያከፋፍልም፣ ቀረጥ አያነሳም። አዋጅ ቁጥር 341/1995 አባልነትን በፈቃደኝነት ላይ አቁሞ ምክር ቤቶችን ከወረዳ እስከ አገር አቀፍ ድረስ አዋቅሯቸዋል። የዘርፍ ማኅበር ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ነው። ቆዳ ፋቂው ከቆዳ ፋቂው፣ ቅባት እህል ላኪው ከቅባት እህል ላኪው ጋር ማለት ነው። ጉዞ የሚያዘጋጅ «ስብስብ» ሁለቱንም ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ተራ የንግድ ድርጅት ነው። ስሙ ውስጥ «ማኅበር» ወይም «ፎረም» የሚል ቃል ስላለ ብቻ በአዋጅ የተቋቋመ አካል ነው ማለት አይደለም።

የአዲስ አበባው ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተ በመሆኑ ስሙን ሁሉም ያውቃል፣ የዳር ከተማ ነጋዴም ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ያደርጋል። የእናንተ ፈቃድ ግን አዲስ አበባን የከበበችው የኦሮሚያዋ የሸገር ከተማ ነው። አደረጃጀቱ የአስተዳደር እርከንን ስለሚከተል መንገዳችሁ በሸገር በኩል ወደ ኦሮሚያ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ አገር አቀፉ ያመራል። ከዓለም ገና አደባባይ ቆማችሁ አዲስ አበባ በታክሲ ደረስ መለስ የምትሉባት ብትሆንም በወረቀት ሌላ አስተዳደር ናት። አዲስ አበባ የሚካሄዱ የንግድ ትርኢቶችና ሥልጠናዎች ግን ከከተማው ውጭ ላለ ነጋዴም ክፍት ስለሚሆኑ፣ አባል ያልሆነ ሰው ይቀርብኛል ብሎ የሚሰጋው ያህል አይቀርበትም።

ምክር ቤቶቻችን የተጠበቀባቸውን ያህል የማይራመዱት ሰዎቹ ስለማይሠሩ ነው የሚባለው ሐሜት ልክ አይመስለኝም። ምክንያቱ ገቢያቸው ነው። ጀርመን ውስጥ ማንኛውም የንግድ ድርጅት በሕግ የአካባቢው ምክር ቤት አባል ነው፣ መዋጮም ይከፍላል። ስለዚህ ምክር ቤቱ በሌላ አገር ቢሮ ከፍቶ ዓመት ሙሉ ገበያ የሚያጠና ሰው መቅጠር ይችላል። በእኛ አገር አባልነት የውዴታ ነው፣ መዋጮውም ትንሽ ነው። ቀሪው ገንዘብ ከሥልጠና፣ ከትርኢትና ከጉዞ ዝግጅት መምጣት አለበት። አዘጋጁ ወንበር መሙላት አለበት ማለት ነው። ወንበር የሚሞላ ሰው ደግሞ «እናንተ ገና አልደረሳችሁም፣ የዘንድሮው ይለፋችሁ» ብሎ አይመልሳችሁም። ያንን መናገር የእኔ ድርሻ ነው።

ታዲያ እነዚህ አካላት ለዓለም አቀፍ ንግድ ምን ይጠቅማሉ? ብዙ ይጠቅማሉ፤ ከሁሉ የላቀው ጥቅማቸው ግን ሻጭና ገዢ እንዲተማመኑ ማድረጋቸው ነው። አንድ የዱባይ አስመጪ እናንተን አያውቃችሁም፤ እናንተም እሱን አታውቁትም። የእናንተ ምክር ቤት ለዱባይ ንግድ ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፎ ይህ ሰው በእርግጥ የተመዘገበ ነጋዴ ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ይህ አንዲት ደብዳቤ ከአምስት ቀን ጉዞ የበለጠ ዋጋ አላት፤ ሆኖም እስካሁን ካማከርኋቸው ትናንሽ ላኪዎች መካከል ይህን አገልግሎት የጠየቁት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛው የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ነው። ዕቃው የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ተራውን ምስክር ወረቀት ምክር ቤቶች ይሰጣሉ። የቀረጥ ነፃነት የሚያስገኙት ሰነዶች ግን የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት ከ6,000 ዩሮ በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ የሚልክ ሰው በላኪነት ተመዝግቦ መግለጫውን ራሱ በደረሰኙ ላይ ይጽፋል። እዚህ ላይ የባልትና ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ የአገራችን ነው፤ ድልሁ ወይም ምጥኑ ውስጥ የሚገባው ቀረፋና ቅርንፉድ ግን ከውጭ የመጣ ነው። በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠናም ሆነ በሌላ ስምምነት ቅናሽ ስትጠይቁ የውጭው ግብዓት ስንት እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ የምጥናችሁን ልክ በኪሎ በወረቀት ላይ አስፍሩ። «እንደ እጄ ነው የማደርገው» የሚለው መልስ ጉምሩክ ዘንድ አይሠራም።

ሦስተኛው የግልግል ዳኝነት ነው። የአዲስ አበባው ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአንድ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላው እንዲፈጸም የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237ን አውጥታለች። ስለዚህ እዚህ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ የስምምነቱ አባል በሆነችው በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ሊፈጸም የሚችልበት ሕጋዊ መንገድ አለ። ይሁንና በጥቂት ኩንታል ዕቃ ተጣልቶ ወደ ግልግል የሚሄድ ሰው ከሚያገኘው የሚያወጣው ይበልጣል። ለእናንተ የሚሻለው መከላከያ ቅድሚያ ክፍያ ነው።

የዘርፍ ማኅበር በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ከሰበታና ከሆለታ መንገድ ዳር የምታዩዋቸው የአበባ እርሻዎች የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር የሚባል ድርጅት አላቸው። የአውሮፓ ገዢዎች ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካልና ስለ ሠራተኛ አያያዝ ሲጠይቁ፣ ማኅበሩ የራሱን የአሠራር ደንብ አወጣና ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ብሎ ደረጃ አበጀለት። አንድ እርሻ ለብቻው ቆሞ «እመኑኝ» ከሚል፣ ሁሉም በአንድ መለኪያ ተመዝነው በገለልተኛ ወገን መረጋገጣቸው ገዢውን አሳመነው። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይወጣውን የጥራት ልክ በጋራ ለመወጣትና መንግሥት ሕግ ሲያወጣ በአንድ ድምፅ ለመናገር ማለት ነው። ፎቶ ለመነሳትማ ጉዞ ይበቃል።

አሁን ወደ ጉዞው። ጥቂት ዓመታት አልፎታል፤ በአንድ የፊት ለፊት የንግድ ውይይት ላይ ከአንዲት የባልትና ባለሙያ ጎን ተቀምጬ አስተረጉም ነበር። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ 20 ደቂቃ ተመድቧል። እናታችን የምትሆን ሴት ናት፤ ከቦርሳዋ በፌስታል ጠቅልላ በክር ያሰረችውን በርበሬ አውጥታ ፈታችው፣ መዓዛው የአጠገባችንን ሰው ሁሉ አዞረ። ገዢው በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰ፣ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ አራት ነገር ጠየቀ፦ በወር ስንት ኮንቴይነር ታቀርቢያለሽ? ሳይበላሽ ስንት ወር ይቆያል? የላቦራቶሪ ውጤቱ የመቼ ነው? ጅቡቲ ወደብ ድረስ ዋጋው ስንት ነው? አንዱንም መመለስ አልቻልንም። ሰውየው አመስግኖ ካርዱን ሰጥቷት ተነሳ፤ ከተመደበልን 20 ደቂቃ 4ቱን ብቻ ነው የተጠቀምነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የእሷን የሚያህል በርበሬ አልነበረም። ፌስታሉን መልሳ ስታስር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ከተመለስሁ ጀምሮ ያልተዘጋጀ አምራች ለጉዞ ሲከፍል ዝም ማለት አልችልም።

ከአራቱ ጥያቄዎች የሚከብደው የላቦራቶሪው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። በርበሬ እርጥበት ይዞ ሲቀመጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ማመስም መፍጨትም አያጠፋውም፤ መፍጨት እንዲያውም የጥቂት ዛላውን ለመላው ኩንታል ያዳርሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን፣ ከዚያም ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ የቢ1 ዓይነት እንዳይኖር ይከለክላል። ይህ ቁጥር በእኛ ልክ ሲታሰብ በአንድ ሙሉ ኩንታል ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ብቻ ማለት ነው። «በዓይናችን አይተን፣ በአፋችን ቀምሰን እንለያለን» የሚለው እምነት እዚህ ላይ ያበቃል። ዱባይ የራሷ ሕግ አላት፤ ዱባይ ያለው ነጋዴ ግን ዕቃውን ወደ ሌላ አገር አሳልፎ ለመሸጥ ስለሚያስብ ብዙውን ጊዜ ጥብቁን ልክ ይጠይቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ሳይሆን እርሻና መጋዘን ላይ ነው። ዛላው መሬት ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ሲጫን እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ከዚያ አየር በማያሳልፍ ማዳበሪያ ታምቆ ሳምንታት ይቀመጣል። የማረቆም ይሁን የአላባ፣ ምርጥ ዘር ይህን አይቋቋምም። የዓለም ገና እናቶች ዛላውን ጆሯቸው አጠገብ ይዘው ሲሰብሩት አይቻለሁ፤ ቀጭ ካለ ይገዛሉ፣ ከታጠፈ ይመልሳሉ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ አትተዉት። ግን አንድ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በጋራ ግዙና እርጥበቱ ከ11 በመቶ በላይ የሆነውን አትረከቡ። ለምርመራ ስትወስዱም ከአንዱ ጆንያ አናት ላይ አንድ እፍኝ ማንሳት ምንም አያስረዳም። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ወስዳችሁ ቀላቅላችሁ ከዚያ ላይ ናሙና አውጡ። መርዙ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝም፤ አንዱ ጥግ ንጹሕ ሆኖ ሌላው የተበከለ ሊሆን ይችላል።

መጠንም አለ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከ100 ኩንታል በላይ የተፈጨ በርበሬ ይይዛል። አሥራ አንዳችሁ ተደምራችሁ ያንን ትችሉ ይሆናል፤ ግን የአሥራ አንድ ቤት በርበሬ አንድ ዓይነት ካልሆነ አንድ ኮንቴይነር አይሆንም። የወይዘሮ እገሌ ምጥን ነጭ ሽንኩርት ይበዛዋል፣ የሌላዋ ጨው አለበት። ገዢው ሁለተኛ ጊዜ ሲያዝ የመጀመሪያውን ጣዕም ይፈልጋል።

የራሳችንን ማኅበር እናቋቁም ወይ ለተባለው፣ አቋቁሙ፤ ነገር ግን ማኅበሩ እንደማይነግድ ዕወቁ። የዘርፍ ማኅበር ትርፍ የሚያከፋፍል ድርጅት ስላልሆነ የሽያጭ ውል ፈርሞ በርበሬ ወደ ውጭ አይልክም። የሚልከው የወጪ ንግድ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ወይም ኩባንያ ነው። ከአሥራ አንዱ መካከል የሚተማመኑ አራት ወይም አምስት ሰዎች ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ኩባንያ፣ ይመሥርቱ። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15 ሺህ ብር ነው። የቀሩት በውል አቅራቢ ይሁኑ። አሥራ አንዱም ባለአክሲዮን ካልሆንን የሚለው ፍላጎት ይገባኛል፣ ማንም መቅረት አይፈልግም። ግን ውሳኔ ሁሉ አሥራ አንድ ፊርማ የሚጠብቅ ከሆነ ገዢው ሌላ ዘንድ ይሄዳል።

ላኪ መሆን ግዴታም ያመጣል። የሽያጭ ውላችሁ ባንክ ይመዘገባል፤ ዕቃው ከወጣ በኋላ ዶላሩ በተወሰነው ጊዜ ካልገባ የሚጠየቀው ገዢው ሳይሆን እናንተ ናችሁ፣ ለቀጣይ ጭነትም እንቅፋት ይሆንባችኋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ላኪውን ጠቅሟል፤ ያልተከፈለ ዕቃን ግን ምንም ዓይነት ተመን አይክሰውም። «ሰነዱ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» የሚል አዲስ ገዢ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት ይችላል፣ በርበሬ ደግሞ ወደብ ላይ ሆኖ አይጠብቅም። ለመጀመሪያዎቹ ጭነቶች በቅድሚያ የተከፈለበት ትንሽ ጭነት በአውሮፕላን ወይም በጋራ ኮንቴይነር ላኩ። ቢከብድ ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ ማለትም የገዢው ባንክ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ፣ ጠይቁ። ከዚህ በታች አትውረዱ።

ስለ 40 ሺህ ዶላሩ ሸሪክ መልሱ አጭር ነው፦ አይቻልም፣ ምክር ቤትም ሊያስችለው አይችልም። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በቅንጅት ሲገባ በመደበኛው ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር፣ ብቻውን ሲሆን ደግሞ 200 ሺህ ዶላር እንዲያመጣ ይጠይቃል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ከመረጠ ጉዳዩ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁት። ካልሆነ ገንዘቡን «በእናንተ ስም እናስገባው» ቢል እሺ አትበሉ። እንዲህ የገባ ገንዘብ በሕግ ስለማይታወቅ እሱ ትርፉን ማውጣት አይችልም፣ እናንተም አንድ ቀን ከሳሽ ታገኛላችሁ። ንግዱን ከወደደው ሸሪክ ሳይሆን ገዢ ይሁን፤ በ40 ሺህ ዶላሩ ዕቃ ይዘዝና አስቀድሞ ይክፈል። ይህ በሕጋዊ መንገድ፣ በባንክ በኩል፣ ያለ ምንም ልዩ ፈቃድ የሚሠራ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኢንቨስትመንት አንድ ነገር ልጨምር። ዱከምና ገላን በፋብሪካ የተሞሉት አንድ ልዑክ ንግግር ስላደረገ አይደለም። መንገዱ፣ መብራቱ፣ መሬቱና ወደ ጅቡቲ ያለው ቀጥታ መስመር ነው ባለሀብቱን የሳበው። ከሰበታ ተነስቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው የጅቡቲ ባቡር በደጃችሁ ነው። ምክር ቤት ይህን ለዓለም ማሳወቅና የመጣውን እንግዳ ትክክለኛው በር ማድረስ ይችላል፤ የሌለውን መብራት ግን አያበራም።

ስለ ጋባዣችሁ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። የምታገናኙን ገዢዎች የድርጅት ስምና የንግድ ምዝገባ ቁጥር ምንድን ነው? ባለፈው ጉዞ የሄደ የምግብ አምራች ካለ ልናነጋግረው እንችላለን? ገዢዎቹ ካልቀረቡ ገንዘባችን ይመለሳል? ዝርዝሩን ከጉዞው በፊት የማይሰጥ አዘጋጅ ዝርዝር የለውም። እንዲሁም ስለ ገዢ ትቶ ስለ ቪዛ ደጋግሞ የሚያወራችሁ ከሆነ ራቁት። በንግድ ልዑክ ስም ሰው የሚያሻግሩ አሉ፤ አብሯችሁ የሄደ ሰው እዚያው ሲቀር የሚበላሸው የእናንተ ስም ነው፣ ኤምባሲዎችም ለቀጣዩ እውነተኛ ነጋዴ በራቸውን ያጠባሉ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ለሁለት ሰው ልታወጡት ያሰባችሁት 560 ሺህ ብር እዚሁ ይዋል። የሸገር ምክር ቤት አባል ሁኑ፤ መዋጮው ከጉዞው ጋር አይወዳደርም፣ ደብዳቤ ማጻፍና ምስክር ወረቀት ማውጣት ትችላላችሁ። አራት አምስት ሆናችሁ ኩባንያውን መሥርቱ፣ የወጪ ንግድ ፈቃድና ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠየቀውን የብቃት ማረጋገጫ አውጡ። አንድ ምርት ብቻ ምረጡ። የእኔ ምርጫ ያልተመጠነ ዱቄት በርበሬ ነው፤ ልኩን መጠበቅ ከምጥን ይቀላል፣ ከውጭ የመጣ ግብዓትም የለውም። መለኪያ፣ የማድረቂያ ቆጥ፣ የላቦራቶሪ ምርመራና በአየር የሚላክ ናሙና ከዚህ ገንዘብ ይሸፈን። የዱባዩን ነገር በሚቀጥለው ዓመት እንየው፤ ያኔ የምርመራ ውጤት፣ የወደብ ዋጋና የወር መጠን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከሄዳችሁ የ20 ደቂቃዋ ቀጠሮ ትበቃችኋለች።

አዲሱ በርበሬ ከኅዳር ጀምሮ ገበያ ይገባል። መለኪያውን ከዚያ በፊት ግዙና ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ጆንያዎች ናሙና አውጥታችሁ አስመርምሩ። ውጤቱ ከልክ በላይ ከሆነ አትደብቁት፤ ከየትኛው ነጋዴና ከየትኛው ወረዳ የተገዛ ጆንያ እንደሆነ መዝግባችሁ ያዙት፣ በሚቀጥለው ግዢ ከማን መግዛት እንደሌለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።